«በሰላም እረፍ» ይባላል?

ጥያቄ፦ የጓደኛዬ አባት ሲሞቱ ፌስቡክ ላይ «ነፍስዎ በሰላም ትረፍ» ብዬ ጻፍኩ። አክስቴ አይታ «ይሄ ደግሞ ከየት የመጣ ነው? ነፍስ ይማር አይባልም እንዴ?» አለችኝ። እውነት ስህተት ነው?

መልስ፦ እኔ ከአክስትሽ ጋር ነኝ። የመጣውማ ከእንግሊዝኛው «አር አይ ፒ» ነው። እሱም ከላቲን የተወረሰ ነው። ላቲኑ በሦስተኛ መደብ «ይረፍ» ብሎ ይመኛል። እንግሊዝኛው ላይ ሲደርስ ትእዛዝ መሰለ፤ እኛም ትእዛዙን አንስተን መጣን።

ችግሩ «አረፈ» እኛ ዘንድ ሥራ የበዛበት ግስ ነው። ስንክሳር የቅዱሳንን ሞት «አዕረፈ» እያለ ይናገራል። ዛሬም ለምናከብረው ሰው «አረፉ» እንላለን፤ «ዜና ዕረፍት» ይነበባል። ታዲያ የሞተን ሰው «ይረፍ» ማለት ምንድን ነው? አርፎ የለ እንዴ! «በሰላም አረፈ» የሚባለውስ አውሮፕላን ነው። በትእዛዝ አንቀጽ ሲሆን ይብሳል። «እረፍ!» የምንለው ዕቃ የሚሰብር ልጅን ነው፤ «አርፈህ ተቀመጥ» እንደምንለው። «ትረፍ» ላይ ደግሞ «ተረፈ» ጣልቃ ይገባል፤ «ከሞት ትረፍ» ቢባልም ፊደሉ ያው ነው።

የእኛ ወግ ሟችን አያዝም፤ ፈጣሪን ይለምናል። «ነፍስ ይማር» ስንል የሚምረው እግዚአብሔር ነው፤ ስሙ ቢዋጥም። «ነፍሱን በገነት ያኑርልን» ላይም ባለቤቱ እሱው ነው። ሙስሊሙም «አላህ ይዘንለት» ይላል፤ ለቤተሰቡ ደግሞ «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ»።

«ለሙታን በሚደረሰው የግእዝ ጸሎት ውስጥ አዕርፍ የሚል አለ፤ ምኑ ነው ባዕድ?» የሚሉኝ አሉ። አለ፣ አልካድኩም። ግን እዚያ «አዕርፍ» የሚባለው እግዚአብሔር ነው፤ «አሳርፍ» ማለት ነው። ግእዙ «አዕረፈ» ለማረፍም ለማሳረፍም ያገለግላል፤ እነሱን ያሳሳታቸው ይኸው ነው። «ነፍሳቸውን ያሳርፍልን» ብትዪ አፌን እዘጋ ነበር።

ይሁን እንጂ ነገሩ ከእጅ ወጥቷል። «በሰላም እረፍ» ሐውልት ላይ ሳይቀር ይቀረጻል። የሚያነበውም ሐዘን መሆኑን አይስትም፤ አውሮፕላን ትዝ የሚለው እኔን ብቻ ሳይሆን አይቀርም። መዝገበ ቃላት ባዘጋጅ ሳልወድ አስገባዋለሁ። እኔ ግን አልጽፈውም። የፊልም ተርጓሚዎች ለሐዘንተኛ የሚያስብሉት «ስለ አባትሽ ይቅርታ» ግን በምንም አይገባም። ገዳዩ ካልሆነ በቀር ለምን ይቅርታ ይጠይቃል?

ለጓደኛሽ «ነፍሳቸውን ይማር፤ እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብለሽ ጻፊላት። «ያጥናሽ»ም ትክክል ነው፤ ሁለቱም ከግእዙ «ጸንዐ» የመጡ ናቸው፣ ጸበል ጠበል እንደሚባለው። እኔ ግን በ«ጽ» ይሻለኛል። በ«ጥ» ስሰማው «በሽታው ጠናበት» ትዝ ይለኛል። ማስረጃ አትጠይቂኝ፤ እሱም የዚያው ሥር ልጅ ነው።