«ሰው ሠራሽ ፍጡር» ይባላል ወይስ አይባልም?

ጥያቄ፦ የሳይንስ ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ዋናው ባለታሪክ ቤተ ሙከራ ውስጥ ከሴል ጀምሮ የተሠራ፣ የሚያስብና የሚናገር አካል ነው። «ሰው ሠራሽ ፍጡር» ብዬው ነበር። ረቂቁን ያነበበ ጓደኛዬ «ፍጡር ከሆነ ሰው አልሠራውም፤ ሰው ከሠራው ፍጡር አይደለም» ብሎ ሰረዘብኝ። ደግሞስ «ሠራሽ» ሴት ስናናግር የምንለው አይደለም ወይ? ምን ልበለው?

መልስ፦ ከቀላሉ ልጀምር። «ሠራሽ» እዚህ ላይ ማንንም ሴት አያናግርም። ዘመዶቹን ይመልከቱ። ገበሬ ሳይዘራው ማሳው ዳር የበቀለውን «ወፍ ዘራሽ» ይለዋል፤ ሽማግሌ ያልወደደውን ልማድ «ጊዜ አመጣሽ» ይለዋል። ሠራ፣ ዘራ፣ አመጣ፤ ሦስቱም በግእዝ መጨረሻቸው የጉሮሮ ፊደል ነበር፤ ሠርዐ፣ ዘርአ፣ አምጽአ። አማርኛ ዋጠው። መጨረሻቸው ያልተዋጠባቸው ግሦች ግን በዚሁ ቅርጽ ሲገቡ «ሽ» አይፈልጉም፤ «ልብ ወለድ»፣ «አገር በቀል»። እንግዲህ «ሠርቶ»፣ «ዘርቶ» ስንል ክፍተቱን «ት» እንደምትሞላው፣ እዚህ «ሽ» ሞልታዋለች ብዬ አምናለሁ። «ሰው የሠራው» ብለን እናርመው የሚሉ አሉ። ወፍ ዘራሹንም «ወፍ የዘራው» ብለው ለገበሬው ያስተምሩልኝ።

በነገራችን ላይ «ሰው» ከሰብእ ስለመጣ በእሳቱ ሰ፣ «ሠራሽ» ከሠርዐ ስለመጣ፣ የሥርዐት እኅት ናትና፣ በንጉሡ ሠ ይጻፋል። ሁለት ቃል፣ ሁለት ፊደል። በዚህ አልደራደርም።

አሁን ወደ ጓደኛዎ። እሳቸው የያዙትን ክርክር ከሌላ ሰው ብዕርም ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ «ፈጠረ» የአምላክ ብቻ ነው፣ ለሰው የተተወለት «ሠራ» ነው የሚል ነው። ያምራል። ችግሩ ጥንታዊው መጽሐፍ አያግዘውም። አማርኛው ኦሪት ዘፍጥረት «በመጀመሪያ እግዚአብሔር ሰማይንና ምድርን ፈጠረ» ሲል፣ ግእዙ የሚለው «በቀዳሚ ገብረ እግዚአብሔር ሰማየ ወምድረ» ነው። ገብረ፣ ማለትም አደረገ፣ ሠራ! በጸሎተ ሃይማኖትም «ገባሬ ሰማያት ወምድር» እንላለን። አባቶች ለሰማይና ለምድር ያላፈሩበትን ግሥ እኛ ለቤተ ሙከራ እናንሰዋለን? አማርኛው ራሱ ምዕራፍ 2 ላይ ሲደርስ አዳምን ከምድር አፈር «አበጀው»፣ ሔዋንን ከአጥንት «ሠራት» ይላል። ሠሪው አንድ፣ ግሡ ሦስት።

«ፈጠረ»ም ቢሆን ከመነሻው እንዲህ የተከበረ አልነበረም። ዓረብኛው ፈጠረ «ሰነጠቀ፣ ከፈተ» ማለትም ነው፤ ፋጢር ደግሞ ፈጣሪ። የዒድ አልፈጥር «ፈጥር» የዚያው ሥር ልጅ ነው፤ ሙስሊም ወገኖቻችን ጾም ሲፈቱ «አፈጠርን» የሚሉትም ከዚያ ነው። በዕብራይስጥ ይኸው ሥር የእናቱን ማሕፀን ለሚከፍተው በኩር ይውላል። በዛሬው አማርኛ ደግሞ የፈጠራ ባለሙያ አለ፣ የፈጠራ ወሬም አለ፤ የመጨረሻውን ለአምላክ የሚሰጥ ሰው አላውቅም።

ድንበሩ ሌላ ቦታ ነው። እዚያው ጸሎተ ሃይማኖት ውስጥ ስለ ወልድ «ዘተወልደ ወአኮ ዘተገብረ» ይላል፤ የተወለደ እንጂ ያልተሠራ። ጥንታውያኑን ያስጨነቃቸው በመፍጠርና በመሥራት መካከል ያለው ልዩነት አልነበረም፤ በመወለድና በመሠራት መካከል ያለው ነው። የእርስዎ ባለታሪክ ችግሩም ይኸው ይመስለኛል፤ እናት የለውም።

ትንሽ ልራቅ፣ ይፍቀዱልኝ። «ሮቦት» ስንል ብረት ይታየናል። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1920 በታተመ ተውኔቱ ለዓለም ያስተዋወቀው ቼኩ ካሬል ቻፔክ ነው፤ ቃሉን ያቀበለው ወንድሙ ዮሴፍ ነበር። እነዚያ ሮቦቶች ብረት አልነበሩም፤ በፋብሪካ ከተቦካ ሥጋ መሰል ነገር የተሠሩ ነበሩ፤ ስለዚህ የእርስዎ ባለታሪክ በመጀመሪያው ትርጉም ሮቦት ነው። የቃሉ ሥር «ሮቦታ» ነው፤ ጭሰኛ ለጌታው መሬት በግዴታ የሚሠራው ሥራ። እኛ ሁዳድ በምንለው ሰፊ የጌታ እርሻ ላይ ይሠራ የነበረው ዓይነት ማለት ነው። (ሁዳዴ ጾምንም ከዚያ ሰፊ እርሻ ጋር የሚያያይዙ አሉ።) ከዚያ ብንወርድ የስላቭ ቋንቋዎች «ባሪያ» የሚሉት ቃል ይገኛል። ግእዝስ? ገብረ ሠራ፣ ገብር አገልጋይ፣ ግብር፣ ገባር። ሠሪውም ተሠሪውም ከአንድ ሥር! ቻፔክ ግእዝ ቢያውቅ ኖሮ ወንድሙን ባላስቸገረ። ሮቦትን «ገባር» ብንለው ደስ ባለኝ ነበር፤ ማንም አልሰማኝም፣ ሮቦት ሮቦት ሆኖ ቀርቷል።

የእኔ ምርጫ ግን «አበጀ» ነው። ሥሩ በጀ፣ ጠቀመ፣ ተስማማ ማለት ነው፤ «ይበጃል»፣ «አበጀህ» እንላለን። ካለ ነገር ተነሥቶ ለጥቅም ቅርጽ መስጠት። እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካዊው ሳይንቲስት የክሬግ ቬንተር ቡድን ከአንድ ሚሊዮን በላይ የዲኤንኤ ፊደላት ያሉትን የባክቴሪያ ጂኖም፣ ማለትም ሙሉውን የዘር መመሪያ፣ በኬሚካል አቀናብሮ ወደ ሌላ ዘመድ ባክቴሪያ ሴል አስገባ፤ ሴሉም በአዲሱ ጂኖም እየተመራ ተራባ። ባክቴሪያው ከብቶቻችንን በሳንባ በሽታ ከሚፈጀው ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። በ2016 ደግሞ 473 ጂኖች ብቻ ያሉት ሴል ወጣ። ያኔ «ሕይወት ተፈጠረ» ያለ ነበር፣ «የለም፣ ተሠራ» ያለም። ሴሉ ግን አስቀድሞ ነበረ፤ እንደ አዳም አፈር። አበጁት እንጂ ሌላ ምን ይባላል? ሰዎች ያበጁት አልበጅ ሲላቸው ደግሞ ልብ ወለድዎ ይጀምራል።

ሆኖም ልታመን። «ሰው ሠራሽ» አሸንፏል። ለማዳበሪያ፣ ለሳተላይት፣ ለጸጉር ሲባል ቆይቶ አሁን «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» ሆኗል፤ ዜና አንባቢው ሳይደናቀፍ ይለዋል። የጸጉሩ ሽታ ዛሬም ስለሚሸተኝ ለሕያው ነገር አልወደውም፤ ያ ግን የእኔ አፍንጫ ነው። «ብጁ ፍጡር» የሚለውን ልሰነዝር ነበር፤ «ብጁ» ግን የስልክ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ ቀድሞኛል።

ስለዚህ «ሰው ሠራሽ ፍጡር» ስሕተት አይደለም፤ የሰረዙትን ይመልሱት። ጋዜጠኛውና ፖሊሱ እንዲያ ይበሉት። የሠራችው ሴትዮ ግን ብቻዋን ስትሆን «አበጀሁት» ትበል። ወይም «አበጀኋት»፤ አማርኛ ግዑዝ ጾታ የለውም፣ ስንወድ ደግሞ ወንዱንም አንቺ እንላለን። የትኛው ምዕራፍ ላይ «እሱ» «እሷ» እንደሚሆን እርስዎ ይወቁ። ጓደኛዎ እንደገና ከሰረዙት ረቂቁን ይላኩልኝ።