ሥልጣኑ የማን ነው?

ውድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣

ይህን የምጽፍላችሁ የሥራ ዘመኔን በዳኝነት ያሳለፍኩ ጡረተኛ ነኝ። ከመንግሥት ጋር የሚያገናኝ ጉዳይ ሲገጥማችሁ ከሁሉ በፊት «እዚህ ላይ የመወሰን ሥልጣን ያለው ማን ነው?» ብላችሁ እንድትጠይቁ እፈልጋለሁ። የዜግነት ትምህርት መጽሐፋችሁ ውስጥ ያለው አብዛኛው ነገር ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው።

ሦስቱን የመንግሥት አካላት ዘርዝሩ ብትባሉ አይከብዳችሁም። ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚ፣ ሕግ ተርጓሚ። ፈተና ላይ ስለሚመጣ አጥንታችሁታል። እኔን የሚያሳዝነኝ እውቀቱ ደብተር ላይ ቀርቶ ቤታችሁ ሳይገባ ሲቀር ነው።

ችሎት ላይ ደጋግሜ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ሰው በቤት ወይም በውርስ ክርክር ይሸነፋል። ፍርዱ ተዛብቷል ብሎ ያምናል። ማመኑ መብቱ ነው። ከዚያ ግን ይግባኝ በማለት ፋንታ ቀበሌ ይሄዳል። ከቀበሌ ወረዳ፣ ከወረዳ ዞን፣ ከዞን ክልል። አንዳንዱ አዲስ አበባ ድረስ ዘልቆ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ያስገባል። በየቢሮው «የሚመለከተው ክፍል ይየው» ይባላል። ደግ ኃላፊ ካጋጠመውም የትብብር ደብዳቤ ይጽፍለታል። ደብዳቤው ግን ፍርዱን አይለውጥም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 79 የዳኝነት ሥልጣን የፍርድ ቤቶች ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ዳኛ ከማንኛውም ባለሥልጣን ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ፣ በሕግ ብቻ ተመርቶ እንዲሠራም ያዛል። ስለዚህ ሚኒስትርም ሆነ ከንቲባ ፍርድ መሻር አይችልም። መሻር የሚችለው ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ነው።

በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ደግሞ ይግባኝ የሚቀርበው ፍርዱ በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ነው። ያ ሰው ከቢሮ ቢሮ ሲመላለስ 60 ቀኑ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ለመዘግየቱ በቂ ምክንያት ማሳየት አለበት። ካላሳየ ይግባኙ አይታይለትም። ቤታቸውን ያጡት ክርክራቸው ደካማ ስለነበረ ሳይሆን ያንኳኩት በር የተሳሳተ ስለነበረ ብቻ የሆኑ ሰዎች አሉ። እያንዳንዳቸው ቤት ውስጥ ደግሞ ሦስቱን የመንግሥት አካላት በቃሉ የሚያውቅ ተማሪ አይጠፋም ነበር። አያችሁ፣ እናንተ «እማዬ፣ ይሄ የይግባኝ ጉዳይ ነው፣ ቀኑ እንዳያልፍብሽ» ብትሉ ቤት ታድናላችሁ።

ይህ ልማድ ከየት መጣ ብትሉ፣ ሰዎቹን ለመውቀስ አልቸኩልም። ለብዙ ዘመን በአገራችን የፍርድ ሁሉ መጨረሻ ንጉሡ ነበር። ንጉሡ ራሱ ተቀምጦ የሚፈርድበት የዙፋን ችሎት እስከ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ፍጻሜ ድረስ ነበረ። በፍርድ ቤት የተረታ ሰው «ጃንሆይ፣ አቤት!» ብሎ ፍርዱን ማስመርመር ይችል ነበር። ያኔ ወደ ትልቁ ሰው መሄድ ትክክለኛው መንገድ ነበር፤ ሥልጣኑ በእርግጥ እዚያ ነበረና። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶችን አቋቋመ፤ አባላቱን ግን ሕዝብ አልመረጣቸውም። የአንደኛው፣ የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱ፣ አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ የፈቀደው የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። ያኔም ቢሆን የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሥርዓቱ ተለዋውጧል፤ ትልቁን ሰው የመፈለግ ልማዳችን ግን አብሮ አልተለወጠም። ይህን የመለወጥ ተራ የእናንተ ትውልድ ይመስለኛል።

አሁን የምንተዳደርበት ሕገ መንግሥት የጸደቀው ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ነው። 106 አንቀጾች አሉት። አንድ ቅዳሜና እሑድ በቂ ነው፣ አንብቡት። ሰፈራችሁ ያለውን ዕድር አስቡ። ሰብሳቢ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው። ሰብሳቢው የቱንም ያህል ቢከበር ብቻውን ከባንክ ገንዘብ አያወጣም፤ መተዳደሪያ ደንቡ ያስረዋል። ሕገ መንግሥትም ሥራው ይኸው ነው። አንቀጽ 9 ማንኛውም ሕግ ወይም የባለሥልጣን ውሳኔ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ከተቃረነ ተፈጻሚ አይሆንም ይላል። ማንኛውም፤ የትልቁም የትንሹም።

ተማሪዎች በብዛት የሚስቱትን አንድ ነገር ላንሳ። ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ማን ነው ሲባል ብዙዎቻችሁ «ጠቅላይ ፍርድ ቤት» ትላላችሁ። በአሜሪካ እንዲያ ነው። በእኛ አገር ግን ይህ ሥልጣን የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ተወካዮች የሚቀመጡበት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ጉዳዩን መጀመሪያ የሚያጠናው የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው። 11 አባላት አሉት፤ የሚሰበስበው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነው። ጉባኤው የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል፣ ምክር ቤቱ ይወስናል። በ2012 ዓ.ም. ምርጫ በኮሮና ምክንያት ሲራዘም፣ የመንግሥት ሥልጣን ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ የሄደው በዚህ መንገድ ነበር። እኔ በግሌ ይህ ሥልጣን ለፍርድ ቤት ቢሰጥ እመርጣለሁ፤ ትርጉም የዳኛ ሙያ ነው ብዬ አምናለሁ። በአንጻሩ ሕገ መንግሥቱ የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቃል ኪዳን ስለሆነ መተርጎም ያለባቸው እነሱ ናቸው የሚሉ ሰዎች አሉ። ክፍላችሁ ውስጥ ተከራከሩበት። ጥሩ ክርክር ይወጣዋል።

ሌላው፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሕዝብ በቀጥታ አይመርጥም። እናንተ የምትመርጡት የአካባቢያችሁን ተወካይ ነው። በምርጫ ክልላችሁ ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፣ ለ5 ዓመት ወንበር ይይዛል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 መቀመጫ አለው። አብላጫውን የያዘ ፓርቲ ወይም ጥምረት መንግሥት ይመሠርታል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ይመረጣል። የአካባቢያችሁን ተወካይ ስም ታውቃላችሁ? ዛሬውኑ ጠይቁ። ምክር ቤቱ ሥራ የሚጀምረው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሲሆን እስከ ሰኔ 30 ይቆያል። ተወካዩ ወደ መራጮቹ ሲመጣ የትምህርት ቤታችሁን ችግር ጽፎ የሚሰጠው ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ። በተወካዩ ላይ እምነት ያጣ መራጭ ሕዝብ ከምክር ቤት እንዲወጣ የማድረግ መብትም አለው፤ አንቀጽ 12ን ተመልከቱ።

ሥልጣን ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ላይና ወደ ታችም ይከፈላል። ፓስፖርት፣ መከላከያና ገንዘብ የፌዴራል ጉዳይ ናቸው። የትምህርት ቤታችሁ ወንበር ግን የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትና የክልሉ ትምህርት ቢሮ ጉዳይ ነው። ለተሰበረ ወንበር ትምህርት ሚኒስቴርን መውቀስ ጉልበት ማባከን ነው። ከወላጅ መምህር ኅብረት (ወመህ) ጀምሩ። ስብሰባው ላይ አባታችሁ ዝም ብሎ ተቀምጦ የሚመጣ ከሆነ ጥያቄውን ጽፋችሁ ስጡት።

አሁን ከሁሉ በላይ የምጨነቅበትን ልናገር። አገር፣ መንግሥትና ገዢ ፓርቲ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፓርቲ በምርጫ ይመጣል፣ በምርጫ ይሄዳል። መንግሥት ተቋማቱ ነው። አገር ደግሞ ሁላችንም ነን። አንድን ፓርቲ ስለተቃወመ ብቻ «አገር ጠላ» የሚባል ወጣት ሳይ ያመኛል። ባለሥልጣን ስላናደደው አምፖል የሚሰብር፣ የመብራት ሽቦ የሚቆርጥ ሳይም እንዲሁ ያመኛል። አምፖሉ የፓርቲ አይደለም፤ የተገዛው ከእናታችሁ ደመወዝ በተቆረጠ ግብር ነው። እናንተም ትከፍላላችሁ። ካፌ ገብታችሁ ለስላሳ ስትጠጡ ሂሳቡ ላይ ተ.እ.ታ. (ተጨማሪ እሴት ታክስ) የሚል መስመር ካያችሁ በዋጋው ላይ የተጨመረው 15 በመቶ የእናንተ ግብር ነው። ደረሰኝ ተቀበሉ። ደረሰኝ ካልተቆረጠ ያ ገንዘብ መንገድም መጽሐፍም ሳይሆን ኪስ ውስጥ ይቀራል።

ስለ ፖሊስ ጣቢያ ወላጆቻችሁ ማውራት አይወዱም፤ እኔ ግን ማውራት አለብኝ። የተያዘ ሰው ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። ያለመናገር መብት አለው። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ አይቆጠርም። ይህ አንቀጽ 19 ነው። አንቀጽ 20 ደግሞ በፍርድ ሂደት ላይ ያለ ሰው እስኪፈረድበት እንደ ጥፋተኛ እንደማይቆጠር ይናገራል። ይህን ጓደኛችሁ ሲታሰር ብቻ አታስታውሱ። የምትጠሉት ሰው ሲታሰርም አስታውሱ። በማኅበራዊ ሚዲያ «ሌባው ተያዘ» ብላችሁ ፎቶ ስታጋሩ፣ ያ ሰው ገና ዳኛ ፊት እንዳልቆመ አስቡ። ብዙ ሰው በነጻ አሰናብቻለሁ። ሰፈሩ ግን አላሰናበተውም።

ዜግነት የሚጀምረው በትንሽ ወረቀት ነው። ከእናትም ሆነ ከአባት አንዱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ልጁ ኢትዮጵያዊ ነው። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ታናሽ ወንድም ወይም እህት ቤታችሁ ከተወለደ ወላጆቻችሁን አስታውሱ። የስም አጻጻፉን እናንተ አረጋግጡ፤ በአንድ ፊደል ልዩነት ብዙ የፍርድ ቤት መዝገብ ተከፍቷል። ውጭ አገር ተወልዳችሁ ይህን የምታነቡም አላችሁ። በመወለድ የሌላ አገር ዜግነት ካገኛችሁ፣ 18 ዓመት ከሞላችሁ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ያንን ትታችሁ ኢትዮጵያዊነትን መምረጣችሁን ካላሳወቃችሁ፣ በአዋጅ 378/1996 መሠረት የኢትዮጵያ ዜግነታችሁን እንደተዋችሁ ይቆጠራል። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ብዙ መብት ይሰጣል፤ መምረጥና መመረጥን ግን አይጨምርም። ቀኑ ሳይደርስ ከወላጆቻችሁ ጋር ተነጋገሩበት።

አንድ ቢሮ ከጎዳችሁስ? ፍርድ ቤት ከመሄድ በፊት ብዙ መንገድ አለ። የአስተዳደር በደል ከሆነ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፤ የመብት ጥሰት ከሆነ የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አለ። አቤቱታ መቀበል ሥራቸው ነው። ከዚያ በፊት ግን ለራሱ ለቢሮው ጻፉ። የቃል አቤቱታ ያቀረበ ሰው በኋላ ማስረጃ የለውም። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ማን እንደሆናችሁ፣ ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ፣ ምን እንዲደረግላችሁ እንደምትፈልጉ ጻፉ። ስድብ አታስገቡ፣ ልመናም አታብዙ። በሁለት ቅጂ አድርጋችሁ መዝገብ ቤት ውሰዱ። አንዱን ይቀበሏችሁ። በሌላው ላይ ቀንና የገቢ ቁጥር ጽፈው፣ ማኅተም አድርገው ይመልሱላችሁ። እንቢ ካሉ በትሕትና እዚያው ቆማችሁ ኃላፊውን ጠይቁ። ቁጥሩን ሌላ ቦታም ገልብጡት፤ መልሱን ለማየት ስትመለሱ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።