የአድዋ ዘመን ልብስ ከፒጃማ ፓተርን ይወጣል ወይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የዝግጅት ክፍል። እኔ ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የስፌት ኦፕሬተር ነኝ፣ የሰፈራችን ልጆች ለየካቲት 23 ስለ አድዋ አጭር ቲያትር እያዘጋጁ ነው እና የልብሱ ነገር እኔ ላይ ተጣለ። ንጉሡ አለ፣ እቴጌዋ አለች፣ መኳንንት አሉ፣ ወታደር አለ። ኪራይ ብንጠይቅ ዋጋው አይቀመስም። እጄ ላይ ያለው ፓተርን ሁለት ብቻ ነው፣ አንዱ የፒጃማ ሱሪ አንዱ ተራ ሸሚዝ። ይሆናል ወይስ ልተወው?
ሐ. ነኝ፣ ከአላሙራ

መልስ፦ እህቴ እንዳትተዪው! ሁለቱ ይበቁሻል፣ የ1888 ልብስ አቆራረጡ ቀላል ነው፣ ዘመኑን የሚናገረው ደግሞ ጥልፉ ሳይሆን ቅርጹ ነው፤ ኋላ ወንበር የተቀመጠ ሰው ጥልፍ አይታየውም፣ ሱሪው ባት ላይ ልክክ ማለቱን ግን ያያል።

ከሱሪው ጀምሪ። ጭኑ ጋ እንዳለ ተዪው፣ እንደውም ሰፋ ይበል፣ ከጉልበት በታች ነው ማጥበብ። እዚጋ ብዙ ሰው ቁርጭምጭሚት ለክቶ ይቆርጥና እግር አልገባም ይላል፣ መለካት ያለብሽ ተረከዙንና የእግሩን ጀርባ አብረሽ ዞረሽ ነው፣ ካልሆነም በውስጥ በኩል 15 ሳንቲም ያህል ክፍት ትተሽ በጋንቾ ዝጊው። ዚፕ የትም ቦታ እንዳይታይ! ሸሚዙን ደግሞ እስከ ጉልበት አስረዝመሽ፣ ጎንና ጎኑን ቀደድ አድርገሽ፣ ኮሌታውን አውጥተሽ 3 ሳንቲም ቀጥ ያለ አንገት አድርጊለት፣ እጅጌውን ከክርን ወዲህ አጥብቢው፣ አለቀ፣ እጀ ጠባብ ሆነልሽ።

ጨርቁ አቡጀዲ ይሁን፣ ግን ሳትቆርጪው እጠቢው፣ ሲታጠብ ይሰበሰባል። ስቴጅ ላይት ስር ደግሞ ንጹህ ነጭ ያንጸባርቅና ፊት ያጠፋል፣ ስለዚ ወፍራም ሻይ ውስጥ ንከሪው፣ የወታደሩን ብዙ የመኳንንቱን ትንሽ፣ ማዕረጉም በዛው ይለያል። ፖሊስተር የበዛበት ከሆነ ሻይ አይዘውም።

የንጉሡን ካባ ፓተርን አያስፈልገውም፣ ግማሽ ክብ ነው። የአንገቱ ዙሪያ 40 ሳንቲም ቢሆን ለ3.14 ስታካፍዪው 13 ገደማ ይመጣል፣ ቁመቱን 110 ስትጨምሪበት 123። ወርዱ 1.5 ሜትር የሆነ ከፋይ 2.5 ሜትር ግዢ፣ የጠርዙ መሃል ላይ ክር ይዘሽ በጠመኔ መጀመሪያ 13 ከዛ 123 ላይ አዙሪ። ጥልፍ ብለሽ አትድከሚ፣ ሰፊ ወርቃማ ጥብጣብ ዳር ዳሩን ይበቃል። ለእቴጌዋም ያው ካባ አጠር ብሎ፣ ከስር ሸሚዙን እስከ መሬት አውርደሽ ሰፊ ቀሚስ አድርጊውና መቀነት እሰሪላት። ወገቡ የተቆረጠ ኋላው ዚፕ ያለው የዛሬ ሀበሻ ቀሚስ እንዳታስገቢ እባክሽ፣ ዘመኑን ድራሹን ነው የሚያጠፋው።

ጎፈር፣ ጀግና ራሱ ላይ የሚያስረው ጌጥ፣ ድሮ ከአንበሳ ጋማ ነው የሚሰራው፣ እናንተ ግን እድለኞች ናችሁ፣ ሲዳማ ውስጥ የእንሰት ቃጫ አለ! ቡና ውስጥ ዘፍዝፈሽ አድርቀሽ ጠባብ የጨርቅ ቀበቶ ላይ ደራርበሽ ስፊው፣ አንድ ረድፍ ሳሳ ይላል ሁለት ሦስት አድርጊው።

ጫማ አትግዙ፣ አድዋ የዘመተው ወታደር አብዛኛው ባዶ እግሩን ነው።

ከሁሉ በላይ አደራ የምልሽ ግን ኩታውን ነው። የተሰፋው ሁሉ አምሮ ልጆቹ ኩታ እንደ ስካርፍ ትከሻቸው ላይ ጣል ካደረጉ ልፋትሽ ገደል ገባ። ንጉሥ ፊት የሚቆም ሰው አደግድጎ ነው የሚቆመው፣ ኩታውን ደረቱ ወይ ወገቡ ላይ አዙሮ ያስረዋል፣ ንጉሡ ዘንድ ገብቶ እስኪወጣ አይፈታውም። ይሄን ሰፈር ያሉ አባቶችን ጠይቃችሁ እጃቸውን እያያችሁ ተማሩ፣ ከመጀመሪያው ልምምድ ጀምሮም በተራ ጋቢ ይለማመዱት፣ የትዕይንቱ ቀን ሲሰጣቸው እጃቸው የት እንደሚገባ ይጠፋቸዋል።

ስፌቱ ውስጥ 3 ሳንቲም ትርፍ ተዪ፣ የዘንድሮው ንጉሥ ቀጭን ነው የከርሞው ደግሞ ማን እንደሚሆን አይታወቅም።

ጥያቄ፦ ከፋይ ስተኩስ ፀጉሩ ተኛብኝ፣ ይመለሳል? (ከአቶቴ)

መልስ፦ ካልተቃጠለ ይመለሳል። በእንፋሎት ላይ ጀርባውን አድርገሽ ያዢውና በለስላሳ ብሩሽ ፀጉሩን አንሺው። ሌላ ጊዜ ወፍራም ፎጣ ላይ ገልብጠሽ በጀርባው ብቻ ተኩሺ፣ ስትቆርጪም ሁሉም ቁራጭ ፀጉሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሁን፣ አለዚያ ላይት ሲያርፍበት ሁለት ቀለም ይመስላል።