ጂፒኤስ ከመግዛታችሁ በፊት ካርታውን እዩ፦ ከሐዋሳ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ሰሞኑን ከሐዋሳ ባለመኪኖች የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ መንገድ ስለሚመራ ጂፒኤስ ነው። የሚቀራረቡትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከአሜሪካ ሲመጣ ጋርሚን የሚባለውን የመኪና ጂፒኤስ ላምጣልህ ብሎኛል። ያምጣልኝ ወይስ ስልኬ ይበቃኛል? (ከአቶቴ)

መልስ፦ ስልክዎ ደህና ከሆነ ይበቃዎታል። ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ የሚውሉ ከሆነ ግን ያምጣልዎ። ስልክ ፀሐይ ላይ ሲውል ይግላል፣ ጥሪም በመጣ ቁጥር ካርታውን ይሸፍነዋል።

ታዲያ ከማሽኑ በፊት ካርታውን ይጠይቁ። አሜሪካ የሚሸጡት ብዙዎቹ የተጫነባቸው የሰሜን አሜሪካ ካርታ ነው። እዚህ ሲበራ ያለበትን ቦታ በትክክል ያውቃል፤ ስክሪኑ ላይ ግን መኪናዎ ባዶ ሜዳ መሃል ቆማ ያገኟታል። ይሄኔ ተበላሽቷል ብሎ የሚጥለው አለ። አልተበላሸም፣ ያጣው ካርታ ነው። ኦፕንስትሪትማፕ ከሚባለው፣ በጎ ፈቃደኞች ከሚሠሩት የኢንተርኔት ካርታ የተዘጋጀ የኢትዮጵያ ካርታ በነፃ ስለሚገኝ በሚሞሪ ካርድ ይጫንበታል። ወንድምዎ ካርድ የሚቀበል ሞዴል ይምረጥ።

መጀመሪያ ሲያበሩትም አይቸኩሉ። ከሩቅ አገር የመጣ መሣሪያ ሳተላይቶቹን እንደ አዲስ ነው የሚፈልገው። የሁሉንም መረጃ ለመቀበል 12 ደቂቃ ተኩል ሊፈጅበት ይችላል። ፎቅና ዛፍ የሌለበት ገላጣ ቦታ ላይ ቆመው ይጠብቁት።

ጥያቄ፦ ወደ አርባ ምንጭ ስነዳ ኔትወርክ ሲጠፋ ካርታዬም ይጠፋል። ስልኬ ነው ችግሩ?

መልስ፦ አይደለም። ስልክዎ ቦታውን የሚያውቀው 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች ነው፤ ለዚያ ኔትወርክ አያስፈልግም። በኢንተርኔት የሚመጣው የካርታው ሥዕል ነው። ስለዚህ ከመነሳትዎ በፊት ዋይፋይ ያለበት ቦታ ያውርዱት። ጉግል ማፕስም ያወርዳል፤ እኔ ለረጅም መንገድ የምመርጠው ኦርጋኒክ ማፕስ የሚባለውን የካርታ አፕ ነው፣ ማስታወቂያ የለበትም። ካወረዱ በኋላ ዳታ አጥፍተው ሶዶን ይፈልጉ። መንገዱን ካወጣልዎ ጨርሰዋል።

ጥያቄ፦ ጂፒኤስ ተብሎ የተገጠመልኝ ዕቃ ስክሪን እንኳን የለውም። ተሸውጄ ይሆን?

መልስ፦ አልተሸወዱም። የተገጠመልዎ መከታተያ ነው። ውስጡ ሲም ካርድ አለው፤ መኪናው የት እንዳለ ለስልክዎ ይነግራል። የተሰረቀ መኪና ለመፈለግና ተቀጣሪ ሹፌርን ለመከታተል ጥሩ ነው፣ መንገድ ግን አይመራም። ሲሙ ሒሳብ ሲያልቅበት ዝም እንደሚል አይርሱ።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ላይ በቴፑ ቦታ አንድሮይድ ስክሪን አስገጥሜ ነበር። ፒያሳ ሆኜ ሌላ ሰፈር ያሳየኛል።

መልስ፦ የሳተላይቱን ምልክት የሚቀበለውን አንቴና ያስፈትሹ። በቀጭን ሽቦ የተያያዘች፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል ጥቁር ዕቃ ናት። አንዳንድ ገጣሚ ሥራ ለማፍጠን ከስክሪኑ ጀርባ ብረት መሃል ይወትፋታል። እዚያ ሆና ሰማይ አታይም። ዳሽቦርዱ ላይ፣ ከፊት መስታወቱ ሥር ትውጣ። መስታወቱ ላይ ብረት ያለበት ስቲከር ከተለጠፈ እሱም ምልክቱን ያዳክማል።

ጥያቄ፦ የቤት ቁጥር ስጽፍለት አያገኝም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በቤት ቁጥር አይድከሙ። የሚጠብቅዎት ሰው በቴሌግራም ሎኬሽን ይላክልዎ። ሲልክ ግን በሩ ላይ ቆሞ ይሁን፤ ሥራ ቦታው ሆኖ ከላከ የሚደርሱት ሥራ ቦታው ነው። መድረሻውንም መኪናው ሳይነሳ ያስገቡ። እባክዎን እየነዱ አይጻፉ፤ ባጃጁም ብስክሌቱም በየት በኩል እንደሚገባ አይታወቅም።