ኒውሮሎጂን ልምረጥ? ብላ ለጠየቀችኝ የጅማ ሐኪም

እህቴ ዶክተር፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተምረሽ፣ ከከተማው ብዙም በማይርቅ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ሁለት ዓመት በጠቅላላ ሐኪምነት ሠርተሽ፣ አሁን ለሬዚደንሲ፣ ማለትም ለስፔሻሊስትነት ሥልጠና ልታመለክቺ ነው። ልብሽ ኒውሮሎጂ፣ የአንጎልና የነርቭ ሕክምና ላይ ነው። ጓደኞችሽ «የማይድን በሽታ ስትቆጥሪ ልትኖሪ ነው? ራዲዮሎጂ ግቢ» ይሉሻል፤ አባትሽ ደግሞ አሜሪካን እንድትሞክሪ ይፈልጋሉ። «የቱ ይሻለኛል? ከየትስ ልጀምር?» ነው ጥያቄሽ።

ከጓደኞችሽ ልነሳ። ኒውሮሎጂስት የበሽታውን ስም ከመንገር ያለፈ ነገር የለውም የሚለው ወሬ እኛ ተማሪዎች ሳለንም ነበር። ያኔም ልክ አልነበረም። አንቺ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ማን እንደሚመጣ አስቢ። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ፣ በወደቀ ቁጥር ቤተሰቡ ክብሪት እየጫረ ሲያሸተው የኖረ፣ በመጨረሻ ምድጃ ላይ ወድቆ እጁ ተቃጥሎ ይመጣል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው ከ60 ሺህ በላይ ሰው ሲያጠኑ 316 የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች አግኝተዋል፤ ከሺህ ሰው አምስት ገደማ ማለት ነው። በዚህ ስሌት ከሄድሽ 100 ሺህ ሕዝብ ባለበት ወረዳ 500 ሰው አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በትክክል ከታከሙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳይወድቁ መኖር ይችላሉ፤ ያውም ብዙዎቹ ፌኖባርቢታልን በመሰለ ርካሽ መድኃኒት። ይህን ነው ሕክምና የለውም የሚሉሽ?

ስትሮክ ላይ ግን ልዋሽሽ አልፈልግም። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ መሰጠት አለበት። ከገጠር ቀበሌ ተነስቶ፣ መኪና ተፈልጎለት፣ ሲቲ ስካን ያለበት ቦታ እስኪደርስ ለአብዛኛው ሕመምተኛ ሰዓቱ ያልፋል። ይህ ቁጭት ከሙያው ጋር ይመጣል፤ ከመግባትሽ በፊት እወቂው።

አሁን ስለ ራሴ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለዚህ ሙያ ያለኝ ክብር የመጣው ከዚያ ነውና። ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ ሁለት እግሩ የደከመበት ገበሬ መጣልኝ። የቢ ቫይታሚን መርፌ አዘዝኩለት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሰ፤ አሁንም ያንኑ ጨመርኩለት። በሦስተኛው ሽንቱ ተቋጥሮ በቃሬዛ መጣ። አንድ ሲኒየር ሐኪም የመርፌ ጫፍ ይዞ ከእግሩ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ፤ እንብርቱ ላይ ሲደርስ ሰውዬው «አሁን ወጋኝ» አለ። ከእንብርት በታች ስሜት የለም ማለት ችግሩ ያለው እግሩ ላይ ሳይሆን ጀርባው መሃል፣ ሕብለ ሰረሰሩ ላይ ነው ማለት ነው። የአከርካሪ ቲቢ ነበር። ለሰውዬው ያጠፋሁበት ያ ጊዜ እስከ ዛሬ ያመኛል። ምርመራው የጠየቀው አንድ መርፌና አምስት ደቂቃ ብቻ ነበር።

ኒውሮሎጂ ይህ ነው እህቴ። መጀመሪያ «የት ነው?» ትያለሽ፤ «ምንድን ነው?» የሚለው ከዚያ ይከተላል። ኤምአርአይ በሌለበት ይህን ጥያቄ በመዶሻና በመርፌ መመለስ ደስ የሚልሽ ከሆነ ለዚህ ሥራ ተፈጥረሻል። ምስሉን ራሱን ማየት ከሆነ የሚመስጥሽ የጓደኞችሽ ምክር መጥፎ አይደለም፤ ራዲዮሎጂም ትልቅ ሙያ ነው። መልሱን ለማግኘት ደብተር ግዢ። ከዛሬ ጀምሮ የነርቭ ችግር ይዞ የሚመጣውን ሁሉ ስሙን ሳትጽፊ መዝግቢ፤ ምን አገኘሽ፣ የት ነው ብለሽ ገመትሽ፣ ሪፈር ከሄደስ በኋላ ምን ተባለ። ጅማ ሕክምና ማዕከል የምታውቂያቸው ሬዚደንቶች አሉ፤ ደውለሽ ውጤቱን ጠይቂ። ሠላሳ ሰው ስትመዘግቢ ምርጫሽ ራሱ ይነግርሻል። በቲቲፒ፣ በተማሪነትሽ የቡድን የተግባር ሥልጠና ጊዜ ጤና ጣቢያ ወርደሽ የለመድሽው ሥራ ነው፤ የጅማ ልጅ ማኅበረሰብ ውስጥ መማርን ከማንም አትማርም።

ወደ ማመልከቻው እንምጣ። አገር ውስጥ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኒውሮሎጂ ሬዚደንሲ በጥቁር አንበሳ የተጀመረው እንደ ፈረንጆቹ በ2006 ነው፤ ከዚያ በፊት ይህን የፈለገ ሐኪም ባሕር መሻገር ነበረበት። የመግቢያው መንገድ የጤና ሚኒስቴር ፈተናና ምደባ ነው። ፈተናው ለኒውሮሎጂ ያለሽን ፍቅር አይጠይቅሽም፤ ጠቅላላ ሐኪም ማወቅ ያለበትን ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ የነርቭ መጽሐፍ ላይ ብቻ እንዳትወድቂ። ብዙ ሰው የሚጎዳው የሚወደውን ደጋግሞ በማንበብ ነው። ውስጥ ደዌን፣ ሕፃናትን፣ ማህፀንና ጽንስን፣ ቀዶ ሕክምናን እኩል አንብቢ፤ ከዲዩቲ ማግስት ያለውን ቀን ለእረፍት ተዪው፣ የደከመ ጭንቅላት አይዝም። የዓመቱ ማስታወቂያ ሲወጣ ሰነዶችሽ ዝግጁ ይሁኑ፤ የሥራ ልምድና የመልቀቂያ ደብዳቤ የሚያዘገየው የሰው ኃይል ክፍል ነው፣ አሁኑኑ ጠይቂ።

የዓመት ፈቃድ ካለሽ ደግሞ አስፈቅደሽ ለሁለት ሳምንት ጥቁር አንበሳ ኒውሮሎጂ ራውንድ ተከተዪ። ሬዚደንቶቹን ስንት ሰዓት እንደሚተኙ ጠይቂያቸው። ደስተኛ መሆናቸውንም ጠይቂ።

አሜሪካን በተመለከተ ለአባትሽ እንዲህ በያቸው፦ መንገዱ አለ፣ ግን ረጅምና ውድ ነው። የአሜሪካ የሐኪምነት ፈቃድ ፈተናዎች ስቴፕ 1 እና ስቴፕ 2 ሲኬ፣ የእንግሊዝኛ ፈተናው ኦኢቲ፣ ከዚያ ውጭ አገር የተመረቁ ሐኪሞችን የሚመረምረው የኢሲኤፍኤምጂ ማረጋገጫ። ስቴፕ 1 ከጥር 2022 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ ማለፍና መውደቅ ብቻ ስለሆነ የስቴፕ 2 ነጥብሽ ብዙ ይመዝናል። ማመልከቻው በመስከረም ይገባል፣ ውጤቱ በመጋቢት ይነገራል። ኒውሮሎጂ እዚያ 4 ዓመት ሲሆን የመጀመሪያው ዓመት በአብዛኛው ውስጥ ደዌ ነው፤ አንዳንዱ ፕሮግራም 4ቱንም ይይዝሻል፣ አንዳንዱ ግን የመጀመሪያውን ዓመት ሌላ ቦታ ራስሽ እንድታገኚ ይተውሻል። ይህን ሳይለዩ አመልክተው መሃል ላይ የተንጠለጠሉ አሉ። በጄ-1፣ ለሥልጠና በሚሰጠው ጊዜያዊ ቪዛ ከሄድሽ የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልግሻል፤ ስትጨርሺም ልዩ ፈቃድ ካላገኘሽ ሁለት ዓመት አገርሽ ተመልሰሽ መቆየት አለብሽ። ስለ ራስሽ ጽፊ ሲሉሽ ስለ አንጎል ድንቅነት አትጻፊ፤ ያን እጁ የተቃጠለ ልጅ፣ ያየሽውንና ያደረግሽውን ጻፊ። የመዘገብሽው ደብተር ያኔ ይጠቅምሻል።

የእኔን ሐሳብ ከጠየቅሽኝ፣ ዘንድሮ የአገር ውስጡን ፈተና ተፈተኚና ኒውሮሎጂን አንደኛ አድርገሽ ሙዪ። ሁለቱን ባንድ ዓመት የሞከሩ ወጣቶችን አይቻለሁ፤ ለሁለቱም ግማሽ ዝግጅት ይዘው ነው የገቡት።

አንድ ነገር ብቻ፣ አደራ። ምደባው ሲደርስሽ ስፖንሰርሽ የግዴታ አገልግሎት ውል ያስፈርምሻል። ስንት ዓመት፣ የት፣ ብታቋርጪ ስንት ትከፍያለሽ የሚለውን ሳታነቢ በደስታ እንዳትፈርሚ። ግልባጩን ላኪልኝ፣ አብረን እናነበዋለን።