ወንድ ልጅ ፊቱን ቢቀባ ምን አለበት? ከፀጉር ቤት ወንበር ጀርባ የሚታየው

ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ባጭሩ፣ እጮኛህ የፊት ሎሽንና የፀሐይ መከላከያ ክሬም ገዝታ ሰጠችህ። ጓደኞችህ ቦርሳህ ውስጥ አይተው «ሙሽራ ሆንክ እንዴ?» «ሴታሴት!» እያሉ አላገጡብህ። በዚያ ላይ ጺምህን በተላጨህ ቁጥር አንገትህ ላይ ሽፍታ ይወጣብሃል። ልቀባ ወይስ ልተወው ነው ያልከው።

ተቀባ። ያስጨነቀህ ግን የሰው አፍ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ላውራህ።

ሥራዬ የወንዶች ፀጉር ማስተካከል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ዛሬም ቶንዶስ በእጄ ነው። የወንድን ፊት ከእኛ በላይ ቀርቦ የሚያይ ያለ አይመስለኝም። ሚስት እንኳ በዚያ ሁሉ አምፖል ሥር አታየውም።

ወንድ ስለ ፊቱ አይጨነቅም የሚባለው ውሸት ነው። ቤቱ በሰው ሲሞላ ማንም አይጠይቅም፤ ወሬው ኳስ ነው፣ የኑሮ ውድነት ነው። ማታ ወረፋው ሲያልቅ፣ ልዘጋ ስል ግን ከወንበሩ የማይነሳ ሰው አይጠፋም። ጨርቁን ከአንገቱ ፈትቼለት፣ ፀጉሩን አራግፌለት፣ ሒሳቡንም ከፍሎ ገና መስታወቱን ያያል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስማ እስቲ፣ ይቺ ጥቁር ነገር በምን ትጠፋለች?» ይለኛል። ተማሪ ጠይቆኛል፣ ነጋዴ ጠይቆኛል፣ የልጅ ልጅ ያዩ አባት ጠይቀውኛል። ብዙዎቹ «ለወንድሜ ነው» ብለው ይጀምራሉ። እኔም ለወንድማቸው እንደሆነ አድርጌ እመልሳለሁ፤ ዋናው መልሱን ይዘው መሄዳቸው ነው።

ሁሉም ነገር የሚፈቀድበት አንድ ጊዜ አለ፤ ሠርግ። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ሙሽራውና ሚዜዎቹ ተሰብስበው ይመጣሉ። ስቲም ይገባሉ፣ ማስክ ይቀባሉ፣ ቅንድባቸውን ያስተካክላሉ። ያኔ ማንም በማንም አይስቅም። ፊታቸው ተቀብቶ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተደርድረው ሲቀመጡ የሚያርፉትን ዕረፍት ሳይ ደስ ይለኛል። ለሠርግ የተፈቀደው ለአዘቦት ቀን ለምን እንደሚነውር ግን አይገባኝም። ቆዳም ቢሆን በአንድ ቀን ስቲም አይስተካከልም። እጮኛ ስላለህ ይህቺን ያዝልኝ፤ ከዚህ በፊት ነክተኸው የማታውቀውን ነገር በሠርግህ ዋዜማ ፊትህ ላይ አትሞክር። ቢቆጣብህ ፎቶው ላይ ነው የሚቀረው። አንድ ወር ቀደም ብለህ ሞክረው።

«ባህላችን አይደለም» የሚሉህንም አትስማ። አፄ ቴዎድሮስንም አፄ ዮሐንስ 4ኛንም በሥዕል የምናያቸው በሹሩባ ነው። ሹሩባ ደግሞ ሰው ፊት ቁጭ ብለህ፣ ጊዜ ሰጥተህ የሚሠራ ነገር ነው። ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱ እንግሊዞች ከፀጉራቸው ቆርጠው ወሰዱ፤ ለንደን ካለው የጦር ሠራዊት ሙዚየም ለኢትዮጵያ የተመለሰው በ2011 ዓ.ም. ነው። ያንን ፀጉር ሴታሴት ብሎ የሚጠራ ሰው አላውቅም። ጣሊያንን በዱር በገደል የተዋጉት አርበኞችም ጎፈሬያቸው መለያቸው ነበር። አፋር ሂድ፣ ወንዱ ፀጉሩን በቅቤ ያሳምራል። ሐመር ዘንድ ወንዶች ፀጉራቸውን በጭቃ አስውበው ይይዛሉ። ምሥራቅ ሂድ፣ ሽማግሌዎች ጺማቸውን ሂና ይቀባሉ። አያትህ ገጠር ኖረው ከሆነ አናታቸው ላይ ለጋ ቅቤ አድርገው በፀሐይ ተቀምጠው ያውቃሉ። መቀባት ከወንድነት ጋር የተጣላው በቅርቡ ነው።

ሳቁን የምጠላው ወንዱን ከመቀባት ስለማያስቀረው ነው። ተደብቆ እንዲቀባ ያደርገዋል እንጂ።

አንድ ደንበኛዬ ነበር፤ ወጣት፣ ጨዋ ልጅ። በጥቂት ወራት ውስጥ ፊቱ ቀላ። ሰው ሁሉ «አማረብህ» ይለው ነበር። እኔ ከቅርብ ስለማየው ጆሮውና ማጅራቱ እንደ ድሮው ጠይም መሆኑን አየሁ። የጣቶቹ መገጣጠሚያ እንዲያውም ከበፊቱ ጠቁሯል። ጉንጩ ላይ ቀጫጭን ቀያይ የደም ሥሮች ወጥተዋል። አንድ ቀን ጠርዙን ሳወጣለት ምላጩ ገና ሲያርፍበት ደማ። ቆዳው ሳስቶ ነበር። ሰው እስኪወጣ ጠብቄ ጠየቅኩት። የእህቱን ክሬም ተደብቆ ሲቀባ ነው የከረመው። ስም በሌለው ትንሽ ዕቃ ተሞልቶ የሚሸጥ፣ «ተቀላቅሎ የተሠራ» የሚሉት ዓይነት ነው።

እንዲህ ዓይነት የሚያቀሉ ክሬሞች ውስጥ ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ አለ፤ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን። ሁለቱም ሐኪም ለቆዳ በሽታ ለአጭር ጊዜ የሚያዛቸው መድኃኒቶች ናቸው። ለወራት ፊት ላይ ሲቀቡ ቆዳ ያሳሳሉ፣ ብጉር ያወጣሉ። ጭርት ካለብህ ደግሞ ከላይ ያደበዝዙትና ከሥር ያስፋፉታል። ክፋቱ ስታቆመው ነው፤ ፊት ይቃጠላል፣ ይቀላል፣ ያብጣል። ሰው ደንግጦ ተመልሶ ይቀባል። ሃይድሮኪኖን የሚባል ቆዳ የሚያነጣ ኬሚካል ያለበትም አለ። ሜርኩሪ የተገኘባቸው ማቅያ ክሬሞችም በዓለም ገበያ ሞልተዋል፤ ሜርኩሪ ደግሞ ከፊት አልፎ ኩላሊት ይጎዳል።

ያ ልጅ ቢያንስ እህቱን ቢጠይቃት ወይም ፋርማሲ ገብቶ ቢያማክር ኖሮ አንድ ሰው «ተው» ይለው ነበር። ስላፈረ ብቻውን ቀረ። ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል እንዲሄድ ነገርኩት። አለርት በሥጋ ደዌ ሕክምና ስሙ ቢታወቅም ለማንኛውም የቆዳ ችግር የሚኬድበት ቦታ ነው። ሐኪሞቹ ቀስ እያደረጉ ከክሬሙ አላቀቁት። ጊዜ ወሰደበት፤ አሁን መልኩ የራሱ ነው።

ስለዚህ እጮኛህ የሰጠችህ ነገር ስሙና የተሠራበት ነገር ላዩ ላይ ተጽፎ ከሆነ፣ ጊዜውም ካላለፈበት፣ በነፃነት ተቀባው። ስም የሌለውን ግን እንኳን ፊትህ እጅህም ላይ አታድርግ። «በሳምንት ያቀላል» የሚል ካየህ ዞር በል።

አሁን ወደ አንገትህ እንምጣ። «ምላጭ አይስማማኝም» የሚሉኝ ወንዶች ብዙ ናቸው። የእኛ ጺም ጥቅልል ነው። በጣም ከሥሩ ሲቆረጥ ጫፉ ይሾላል፤ ሲያድግ ይታጠፍና ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባል። ሰውነት እንደ እሾህ ይቆጥረዋል። ያብጣል፣ ያሳክካል፣ መግል ይይዛል፤ ሲድን ጥቁር ነጥብ ትቶ ይሄዳል። ብዙ ወንድ ወደዚያ ማቅያ ክሬም የሚሄደው ይህቺን ጥቁር ነጥብ ለማጥፋት ነው። ነጥቡን ከማባረር በፊት ሽፍታውን ማስቆም ይሻላል።

ለአንድ ወር ያህል ምላጭ አታስነካው። ሥራህ ጺም የማይፈቅድ ከሆነ በቶንዶስ አሳጥረው፤ ዜሮ ግን አታስደርግ። አንድ ሚሊሜትር ያህል ከቀረ ፀጉሩ ተመልሶ የመግባት ዕድሉ ይቀንሳል። ያበጠው ሲረጋጋ ወደ ምላጭ መመለስ ካለብህ ገላህን ከታጠብህ በኋላ ተላጭ፤ ሙቅ ውሃ ጺሙን ያለሰልሰዋል። መላጫ ክሬም ወይም ጄል ተጠቀም፣ የገላ ሳሙና ቆዳ ያደርቃል። ጺሙ ወደሚተኛበት አቅጣጫ ላጭ። አንገት ላይ አቅጣጫው ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ አስቀድመህ በጣትህ ዳስሰው። ቆዳህን አትወጥር፣ አንዱን ቦታ አትደጋግም። ሦስትና አራት ስለት ያለው መላጫ ፀጉሩን ስቦ ከቆዳ በታች ስለሚቆርጠው ለእኛ ጺም አይሆንም፤ ባለ አንዱ ይሻላል። ገብቶ የቀረውን ፀጉር ደግሞ በወረንጦ አትንቀለው። ያንኑ ችግር እንደገና ትጀምረዋለህ።

ከተላጨህ በኋላ ፀጉር ቤት ፊትህ ላይ ስለሚረጨው አልኮልም ልንገርህ፤ የሙያ አጋሮቼ ቅር እንዳይላቸው። አልኮል መርጨት የለመድነው በበጎ ነው። «ስለታም ነገሮችን በጋራ አትጠቀሙ» የሚለው የኤችአይቪ ትምህርት ፀጉር ቤትን ለውጧል። ዛሬም የራሱን ቶንዶስ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ አለኝ፣ አከብረዋለሁ። አልኮሉ ግን ለመሣሪያው ነው። ቶንዶሱ ይጽዳ፣ ምላጩም ዓይንህ እያየ አዲስ ይከፈት። አሁን የተላጨ ቆዳ ላይ ሲረጭ ያቃጥላል፣ ያደርቃል፤ የምትለውን ሽፍታ ያባብሳል። «ፊቴ ላይ ይቅርብኝ» በለው፤ ማንም ባለሙያ አይቀየምህም። ቀዝቃዛ ውሃና ሽታ የሌለው ሎሽን ይበቃሃል። እሷ የገዛችልህ ሎሽን ትክክለኛ ሥራው እዚህ ጋ ነው።

ፋርማሲ ውስጥ ሳሊሲሊክ አሲድ ወይም ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ያለበት የፊት ማጠቢያ ብትጠይቅ ይረዳሃል። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ጀምር፣ ቆዳህ ከቻለው ትጨምራለህ። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ፎጣና የሸሚዝ ኮሌታ ቀለም ስለሚያስለቅቅ ነጭ ፎጣ ተጠቀም። ሎሚና የጥርስ ሳሙና የሚመክርህ አይጠፋም፤ ሁለቱም ቆዳ ያቆጣሉ። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ መውጣት ደግሞ ጭራሽ ያጠቁራል፣ ሊያቃጥልም ይችላል። ቅቤ ለፀጉር ይሁን፤ ብጉር ለሚበዛበት ፊት አልመክረውም።

የፀሐይ ክሬሙን «የፈረንጅ ነው» ሳይሉህ አልቀሩም። እውነት ነው፣ ጥቁር ቆዳ የራሱ መከላከያ አለው፤ እንደ ነጭ ቶሎ አንቃጠልም። ሽፍታው የተወው ጥቁር ነጥብ ግን ፀሐይ ሲያገኘው ይበረታል፣ ለመጥፋትም ይዘገያል። ማድያትም እንዲሁ፤ ማድያት የሴት ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፣ በወንድ ላይ ግን በየጊዜው አያለሁ። ደግሞ የት እንደምንኖር አስብ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ቆዳ የሚጎዳው የፀሐይ ጨረር፣ አልትራቫዮሌት የሚባለው፣ ወደ 10 በመቶ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ፀሐዩ አይታወቀንም።

የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር የሆኑ ደንበኛ አሉኝ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። መስታወት ፊት ሲቀመጡ ግራ ጉንጫቸው ከቀኙ ጠቆር ብሎ፣ በዓይናቸው ዙሪያ ያለው መሸብሸብም በግራ በኩል ብሶ ይታያል። መሪው በግራ ነው፣ መስኮቱም በግራ ነው። አልትራቫዮሌት ኤ የሚባለው ጨረር በተዘጋ የጎን መስኮትም ያልፋል። አሳየኋቸው፤ ሁለቱን ጉንጫቸውን እያፈራረቁ ብዙ አዩ። አሁን ከመንገድ በፊት ይቀባሉ። ለረዳታቸውም ገዝተውለታል።

ስትገዛ ኤስፒኤፍ (የመከላከል አቅሙን የሚያሳየው ቁጥር) 30 እና ከዚያ በላይ የሆነውን ምረጥ። ፀሐይ በሚመታው የሱቅ መስኮት ላይ የተደረደረውን ተወው፣ ሙቀት ያበላሸዋል። አንዳንዱ ጥቁር ፊት ላይ አመድ የነፋበት ያስመስላል፤ ከመግዛትህ በፊት እጅህ ጀርባ ላይ አሽተህ እየው። ዋጋው ውድ መሆኑን አውቃለሁ። ገንዘቡ ካጠረህ ባለ ሰፊ ጠርዝ ኮፍያ አድርግ፣ ክሬሙን ብዙ ሰዓት ውጭ ለምትውልበት ቀን አስቀምጠው። አልቢኒዝም ላለባቸው ወንድሞቻችን ግን ይህ ክሬም ከቆዳ ካንሰር የሚጠብቃቸው ነገር ነው። እሱ ላይ መሳቅ ልክ አይደለም፣ ጓደኞችህን ይህን ብትነግራቸው ደስ ይለኛል።

ስለ ጓደኞችህ ሌላ ብዙ አልልህም። ብቻ አትደብቀው። እኔ መስታወቱ ሥር ሽታ የሌለው ሎሽን አስቀምጫለሁ። መጀመሪያ ማንም አይነካውም ነበር፤ እኔው ስቀባቸው ዝም ይሉኛል። አሁን ስለ ኳስ እየተከራከሩ እጃቸው ራሱ ሄዶ ያነሳዋል። «ሴታሴት» የሚል ቃል ከሰማሁ ቆየሁ።

አንድ ያልጻፍከው ነገር አለ። ሽፍታው ማጅራትህ ላይ፣ የፀጉርህ መጨረሻ አካባቢም አለ? እዚያ ያለው ጠንከር ያለ፣ ተነካክቶ የማይጠፋ እብጠት ከሆነ ጉዳዩ ከጺሙ ይለያል። ሲቆይ ወደ ጠባሳነት ይለወጣል፣ ፀጉርም አይበቅልበትም። በጊዜ ከተያዘ ግን በመድኃኒት ይታገዳል። ካለብህ ማጅራትህን በዜሮም በምላጭም አታስነካ፣ አንገት የሚፈትግ ኮሌታ አትልበስ፣ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሳትውል ሳታድር ሂድ። ዛሬ ማታ በእጅህ ዳስሰውና እዚሁ ጻፍልኝ።