በ38 ዓመት ስለማርገዝ ለጠየቅሽው እህት

እህቴ፣ «38 ዓመቴ ነው፣ የመጀመሪያዬን አርግዣለሁ፣ የኮዬ ፈጬ ጎረቤቶቼ አርፍደሻል እያሉ እንቅልፍ ነሱኝ» ብለሻል። እኔ እዚያው አጠገብሽ ቱሉ ዲምቱ ሆኜ ሁለተኛዬን በ41 ዓመቴ ስለወለድሁ የማውቀውን ልንገርሽ።

ዕድሜ ምንም ለውጥ አያመጣም የሚሉሽን አትመኚ፤ ያመጣል። ነገር ግን 35 ዓመት ገደል አይደለም፤ አደጋው የሚጨምረው ቀስ በቀስ ነው። ሰው ሁሉ የሚፈራው ዳውን ሲንድረም (ልጁ አንድ ተጨማሪ ክሮሞዞም ይዞ ሲወለድ የሚታይ የአእምሮና የአካል እድገት ችግር) እናቲቱ 30 ዓመት ሲሆናት ከ1,000 ልጆች በአንዱ ገደማ፣ 40 ሲሆናት ከ100 በአንዱ ገደማ ይታያል። የቀሩት 99ኙስ? ስለእነርሱ የሚያወራ ጎረቤት አላጋጠመኝም። የጽንስ መጨንገፍም በ40 ዓመት በሃያዎቹ ካለው ከእጥፍ በላይ ነው። እንቁላሉ አብሮን ስለሚያረጅ የክሮሞዞም፣ ማለትም የዘር ውርስ ተሸካሚው ክር፣ አከፋፈሉ ይዛባል እንጂ ዕቃ ስላነሳሽ ወይም ስለተቆጣሽ አይደለም። «እኔ በ15 ዓመቴ ወልጄ» ለሚሉሽም ጆሮ ዳባ ልበስ በዪ፤ የልጅነት እርግዝና የራሱ ጣጣ አለው፣ ፊስቱላን ጨምሮ።

እኔን ያስጨነቀኝ ደም ግፊት ነበር። በጤና ጣቢያው አዋላጇ ለካችኝና ምንም ሳትናገር አግዳሚው ላይ አሳረፈችኝ። እግርሽን አታነባብሪ ብላ ደግማ ለካች። ከዚያ ሽንቴን በብልቃጥ ተቀብላ ፕሮቲን አገኘችበትና ወደ ሆስፒታል ሪፈር ጻፈችልኝ። ራስ ምታቴን ባለቤቴ የቡና ሱስ ነው ይል ነበር! ይህ በእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊት ሕመም (ፕሪኤክላምፕሲያ) ብዙውን ጊዜ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ይመጣል፤ ዕድሜ ሲገፋም፣ እርግዝናው የመጀመሪያ ሲሆንም ዕድሉ ይጨምራል። አንቺ ሁለቱም አለብሽ። ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጎድን አጥንት ሥር ሕመም ወይም ድንገተኛ የፊት እብጠት ካየሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ሰዓት ሂጂ።

የስኳር ምርመራውን ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ጠይቂ። የእኛ ሰፈር ሌላው ፈተና መንገዱ ነው፤ በሌሊት ታክሲ የለም። መኪና ካለው ጎረቤት ጋር ከወዲሁ ተነጋገሪ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907ንም በር ላይ ለጥፊው።

ስንተኛ ሳምንትሽ እንደሆነ አልጻፍሽም። 16 ካልሞላሽ በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሄደሽ ለደም ግፊቱ መከላከያ የሚሰጠው አነስተኛ መጠን ያለው አስፒሪን ያስፈልግሽ እንደሆነ ጠይቂ። ራስሽ ገዝተሽ ግን እንዳትጀምሪ።